ከስትሮክ በኋላ፦ ሕይወትን የሚወስኑት የመጀመሪያ ሰዓታትና ረጅሙ የማገገም ጉዞ

አንድ አባወራ ማለዳ ፊቱን ሊታጠብ ሲነሣ ቀኝ እጁ አልታዘዝ ይለዋል። ባለቤቱን ሊጣራ ሲሞክር አንደበቱ ይተሳሰራል። ከቤተሰቡ አንዱ «ድካም ነው፤ ትንሽ ጋደም ይበል» ይላል፤ ሌላው ምች መትቶት ይሆናል ብሎ ዳማከሴ ይፈልጋል። በቅን ልቡና የባከነው ያ ሰዓት ግን የሰውየውን ቀሪ ዘመን የሚወስን ሊሆን ይችላል።

ስትሮክ ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚደርስ ጉዳት ነው። በምዕራባውያን አገሮች ከመቶ 85 ያህሉ የመዘጋት ዓይነት ሲሆን በአፍሪካ የመፍሰሱ ድርሻ ከዚያ ከፍ ይላል። ለሁለቱም ቀዳሚው መንሥኤ የደም ግፊት ነው። አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ጄፍሪ ሴቨር በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ስሌት መሠረት፣ ዋና የደም ሥር ተዘግቶ ሕክምና ሳይሰጥ በሚያልፍ በእያንዳንዱ ደቂቃ 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት ይሞታሉ።

የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ በታየ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። አስቀድሞ ግን በሲቲ ስካን ደም አለመፍሰሱ መረጋገጥ አለበት፤ ለሚደማ አንጎል ይኸው መድኃኒት አደገኛ ነውና። በትልልቅ የደም ሥሮች ውስጥ የተቀረቀረውን ደም በቀጭን ቱቦ ጎትቶ ማውጣት ደግሞ ለተመረጡ ሕሙማን እስከ 24 ሰዓት ድረስ ይቻላል።

መድኃኒቱ መኖሩ ብቻ ግን በቂ አይደለም፤ የሕዝብ ሕክምናው አደረጃጀትም ይወስናል። ለዚህ የለንደን ተሞክሮ ጥሩ ማስረጃ ነው። ከ2010 በፊት በከተማይቱ የስትሮክ ሕሙማንን የሚቀበሉት ሆስፒታሎች 30 ያህል ነበሩ፤ የአገልግሎታቸው ጥራትም እጅግ ይለያይ ነበር። በዚያ ዓመት አምቡላንሶች ሕሙማንን ሌሊትና ቀን ልዩ ባለሙያ ወደሚገኝባቸው 8 ማዕከላት ብቻ እንዲወስዱ ተደረገ። ቅርብ የነበረውን ሆስፒታል አልፎ መሄድ መጀመሪያ ላይ ብዙዎችን አስግቶ ነበር። ይሁንና በ2014 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣው ጥናት ለውጡ በዓመት የ96 ያህል ሰዎችን ሕይወት እንዳተረፈ ገመተ። በታላቋ ማንቸስተር ማዕከላቱ ቶሎ የደረሱትን ብቻ እንዲቀበሉ በመደረጉ፣ በሞት መጠን ረገድ ከሌላው የእንግሊዝ ክፍል የተለየ ለውጥ አልታየም። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ጥሩ ማዕከል የሚጠቅመው በሩ ለሁሉም ክፍት ሲሆን ነው።

ከሞት መትረፍ ግን የጉዞው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አይደለም። ከስትሮክ ከተረፉት መካከል ሢሶ ያህሉ የመናገር ወይም ንግግር የመረዳት ችግር ያጋጥማቸዋል፤ ሢሶ ያህሉም በድባቴ ይጠቃሉ። ትናንት ቤቱን ያስተዳድር የነበረ ሰው ዛሬ ቁልፉን ለመቆለፍ የሰው እጅ ሲጠብቅ፣ ሐዘኑ የአእምሮ ድክመት ወይም የእምነት ማነስ አይደለም፤ ሊታከም የሚገባው የሕመሙ አካል ነው።

ተስፋው ያለው አንጎል ራሱን መልሶ የማደራጀት ችሎታ ስላለው ነው። ጤነኛ የቀሩት ክፍሎች የተጎዱትን ሥራ በከፊል ሊረከቡ ይችላሉ፤ ይህ የሚሆነው ግን በተደጋጋሚ ልምምድ ነው። በ2023 የወጣው የብሪታንያና የአየርላንድ መመሪያ፣ ማገገም የሚሹ ሕሙማን ቢያንስ በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 3 ሰዓት ልምምድ እንዲያገኙ ይመክራል። በመመሪያው የተጻፈውን በየሆስፒታሉ ማግኘት ግን ባለሙያ በበቂ ቁጥር መኖሩን ይጠይቃል። ስለዚህ ቤተሰብ ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት «ቀጣዩ ልምምድ መቼና የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

በባዕድ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ሌላም ጉዳይ አለ። ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው ስትሮክ ሲይዘው ሁለቱ ቋንቋዎች እኩል ላይጎዱ፣ እኩልም ላይመለሱ ይችላሉ። በእንግሊዝኛ ብቻ የተመረመረ ሕመምተኛ ከሆነው በላይ የተጎዳ ሊመስል፣ በአማርኛ የቀረውም አቅም ሳይታይ ሊቀር ይችላል። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ይህን አጥብቆ መጠየቅ መብት ነው፤ ሸክሙን በልጆች ላይ መጣል ግን አይገባም።

ምልክቶቹን ለማስታወስ ሦስት ነገሮችን እንይ፦ የአንድ ወገን ፊት መውደቅ፣ የአንድ ክንድ መዛል፣ የንግግር መበላሸት። ከሦስቱ አንዱ በድንገት ከታየ፣ ቢሻለው እንኳ፣ አምቡላንስ ወዲያው ይጠራ፤ በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ በብሪታንያ 999፣ በሳዑዲ ዓረቢያ 997፣ በእስራኤል 101። ሕመምተኛው መዋጥ መቻሉ እስኪረጋገጥ ድረስ ውኃም ሆነ መድኃኒት አይሰጠው። ምልክቱ የጀመረበትንም ሰዓት መዝግቡ፤ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቃችሁ እርሱን ነው።