ለቦርዴና ለጠላ የሚሆን ምድጃና ድስት

ቦርዴ ወይም ጠላ ለመጥመቅ የተነሳ ሰው አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ እህሉና ስለ ብቅሉ ነው። ብቅሉ ጥሩ ሆኖ ሥራው የሚበላሸው ግን ብዙ ጊዜ እሳት ላይ ነው። ከታች ያረረ ገንፎ ሽታው እስከ መጨረሻው ብርጭቆ አይለቅም። አርባ ምንጭም ይኑሩ ጨንቻ፣ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ትንሽ እናውራ።

በመጀመሪያ የሚጠምቁትን ይለዩ። ለጠላ እሳት የሚፈለገው በዋናነት ለምጣዱ ነው፤ ቂጣው ወይም እንኩሮው ይበስልበታል። ቦርዴ ግን ድስትም ይፈልጋል። የቦካው የበቆሎ ሊጥ ከፊሉ ምጣድ ላይ ይታመሳል፣ ከፊሉ በውሃ ተበጥብጦ ገንፎ ይሆናል። ስለዚህ ጠላ ብቻ ከሆነ ሐሳብዎ፣ ለትልቅ ድስት ገንዘብ አያውጡ፤ ጥሩ ምጣድና ጥሩ ጋን ይበቃዎታል።

ለቦርዴው ገንፎ ምን ያህል እሳት ያስፈልጋል? 20 ሊትር ውሃ ለማፍላት ወደ ውሃው መግባት ያለበት ሙቀት 1.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት የመብራት ቆጣሪዎ አንድ ብሎ የሚቆጥረው መጠን ነው። ከምድጃው ሙቀት ሲሶው ገደማ በጎን ስለሚያመልጥ ቆጣሪው ወደ 2.5 ይቆጥራል። ይህን በታሪፍዎ ያባዙት፤ የአንድ ማፍያ ወጪዎን ያገኛሉ።

ታዲያ የትኛው የኤሌክትሪክ ምድጃ? ባለ 2,000 ዋቱ ይህን ውሃ በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ያፈላዋል። ባለ 1,000 ዋቱ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል፤ ድስቱ ክዳን ከሌለው ጭራሽ ላይፈላም ይችላል። ርካሽ ነው ብለው ትንሹን አይግዙ። ደግሞ ገንፎው መሐል ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ ምን እንደሚያደርጉ አስቀድመው ያስቡ።

እንጨትስ? በሦስት ጉልቻ ላይ ከእሳቱ ሙቀት ድስቱ ጋ የሚደርሰው ከአሥር እጅ አንዱ ወይም ትንሽ በለጥ ያለው ነው። ለዚያው 20 ሊትር ከሦስት ኪሎ በላይ ደረቅ እንጨት ይነዳል። «ትክክል» የሚባለው የቆርቆሮ ምድጃ እሳቱን በጠባብ ጉሮሮ አድርጎ ወደ ድስቱ ሥር ስለሚልከው እንጨቱን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። ለእኔ የሚያዋጣው ይህ ነው። እንጨቱን በጀርባዋ ተሸክማ የምትወርደው ሴት ድካም ከሒሳቡ መግባት አለበትና።

የከሰሉ «ላቀች» ለወጥና ለቡና መልካም ነው፤ ለ20 ሊትር ግን ጠባብ ነው። ከሰል ለመጨመር የሚፈላ ድስት ማንሳት ይኖርብዎታል፤ ይህ አደጋ ነው። በተዘጋ ቤት ከሰል ማንደድም ፈጽሞ አይገባም፤ ጭሱ ባይታይም ጋዙ ይገድላል። በቡታጋዝ የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ አያድርጉት። የሞላ ድስት ከ20 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ዝቅ ያለና ጠንካራ የብረት እግር ይፈልጋል።

የጨንቻ ሰው «ገንፎው እዚህ ለመብሰል ለምን ይዘገያል?» ይል ይሆናል። ምክንያቱ ከፍታው ነው። 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አርባ ምንጭ ውሃ በ96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ጨንቻ ግን በ91 ገደማ ነው። ስለዚህ ውሃው ፈላ ብለው አይቸኩሉ፤ ገንፎውን ጨመር አድርገው ያብስሉት።

ወደ ድስቱ እንምጣ። ከስፋቱ በፊት ሥሩን ይዩ። ሥሩ ስስ ከሆነ ሙቀቱ አንድ ቦታ ላይ ይከማችና ገንፎው ያራል፤ ወፍራም ሥር ሙቀቱን ያዳርሳል። መጠኑን ሲመርጡ ሩቡ ባዶ እንዲቀር ያስቡ፤ ገንፎ ሲንተከተክ ይገነፍላል። ለ20 ሊትር ከ26 እስከ 28 ሊትር የሚይዝ ይበቃል። ከቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ የተሠራ አሉሚኒየም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል፣ የእርሳስ መርዝነት ደግሞ ለልጆች ይብሳልና፣ አቅም ካለ የማይዝግ ብረት ይሻላል። ቀለም ወይም ኬሚካል የነበረበትን በርሜል በምንም ዋጋ አይውሰዱ።

በአሉሚኒየም ድስት ውስጥ ማብላላትስ? አይሆንም። ሲብላላ የሚፈጠረው አሲድ፣ ማለትም ኮምጣጣው ነገር፣ አሉሚኒየሙን ይበላል። ሸክላውን እንኳ ይበላዋል። አርኪኦሎጂስቱ ጆን አርተር በጋሞ የሸክላ ዕቃዎችን ሲያጠና፣ መጠጥ የተጠመቀባቸው ማሰሮዎች ውስጣቸው ተፍቆ አግኝቷል። አዘውትሮ መጥመቅ እህል የተረፈው ቤት ሥራ ስለነበር፣ ያ መፋቅ የባለጸጋ ቤት ምልክት ሆኖ ታይቶታል። ሸክላው ተበልቶም ያገለግላል፤ ስለዚህ ማብሰያው ብረት፣ ማብላያው ሸክላ ይሁን።

ገንፎው ከእሳት ሲወርድ ወዲያው ወደ እንስራው አይገልብጡት፤ ሸክላው ይሰነጠቃል። ብቅሉንም ትኩሱ ላይ አይጨምሩ። በብቅሉ ውስጥ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጥ ኢንዛይም የሚባል ነገር አለ፤ ከ75 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲሆን ይሞታል። ወፍራም ድስት ሙቀቱን ረጅም ጊዜ ስለሚይዝ ማታ ባወረዱት ገንፎ ላይ ብቅል ለመጨመር ከቸኮሉ፣ ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው ገንፎውን ያማስሉት።