አሮጌው ዳክ ካዲሱ ጋር ይስተካከላልን?

በነጭ ዓባይ ዳር በምትገኘው በጁባ ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖራሉ። የሱዳን የሰሜንና የደቡብ ወገኖች በ2005 የሰላም ውል ከተፈራረሙ ወዲህ፥ ይልቁንም ደቡብ ሱዳን በ2011 ነጻ መንግሥት ከሆነች በኋላ፥ ወገኖቻችን ሆቴልና ምግብ ቤት ከፍተው፥ ሸቀጥ ነግደው፥ በልዩ ልዩ ሙያ ተሠማርተው ኑሯቸውን በዚያ መሥርተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።) በነዚህ ምግብ ቤቶች ደጃፍ ማታ የሚያልፍ ሰው የጥላሁን ገሠሠን ወይም የበረከት መንግሥተአብን ድምፅ ቢሰማ የሚያስገርም ነገር አይደለም።

ካገሩ ርቆ ለሚኖር ሰው ዘፈን ከጌጥ የሚቈጠር አይደለም። ስለዚህ ከደመወዙ ወይም ከንግዱ ጥቂት ገንዘብ ያተረፈ ወገናችን ደኅና የሙዚቃ መሣሪያ ለመግዛት ማሰቡ ተገቢ ነው። ሐሳቡ የሚከፈለው ግን እዚህ ላይ ነው። ከ30 ዓመት በፊት ያንድ አውቶሞቢል ዋጋ ያወጡ የነበሩ ዲጂታል የድምፅ ቀያሪዎች ዛሬ በሁለተኛ እጅ በብዙ ቅናሽ ይገኛሉ፤ በዚያው ገንዘብ ደግሞ አዲስና ትንሽ መሣሪያ ይገዛል። ማንኛው ይሻላል? የድሮው ዕቃ እውነተኛ ዕቃ ነው፥ የዛሬው ሁሉ ፕላስቲክ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የድሮው ሁሉ ለሙዚየም ነው የሚሉም አሉ። እኛ ሁለቱንም ነገር ጠጋ ብለን መመርመር ይገባናል እንላለን።

ከሁሉ አስቀድሞ መሣሪያው ምን እንደ ሆነ እንግለጽ። በሲዲ ወይም በእጅ ስልክ ውስጥ የተቀመጠው ዘፈን ድምፅ ሳይሆን የቍጥር ክምችት ነው። በሲዲ ላይ ለያንዳንዱ ጆሮ በያንዳንዱ ሰኮንድ 44,100 ቍጥሮች ይገኛሉ፤ እያንዳንዱም ቍጥር ከ65,536 ደረጃዎች አንዱን ያመለክታል። እነዚህን ቍጥሮች አንብቦ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለውጠው፥ ሞገዱንም ለአምፕሊፋየሩ የሚያቀብለው መሣሪያ ዳክ ይባላል። በእጅ ስልካችን ውስጥ እንኳ አንድ አለ፤ ሳናውቀው በየቀኑ እንገለገልበታለን።

የድሮዎቹ ለምን ያን ያህል ተወደዱ? በ1982 ሶኒና ፊሊፕስ ሲዲን ለገበያ ሲያቀርቡ ይህን ለውጥ በትክክል መፈጸም ከባድ ሥራ ነበር። ችግሩን በሚዛን ብንመስለው ይቀላል። አንድ ነጋዴ እስከ 1 ኩንታል ያለውን ክብደት ሁሉ በ1 ግራም ተኩል ልዩነት ለመመዘን ቢፈልግ፥ ከ50 ኪሎው ድንጋይ ጀምሮ 25 ኪሎ፥ 12 ኪሎ ተኩል እያለ በግማሽ በግማሽ የሚወርዱ 16 ድንጋዮች ያስፈልጉታል። የመጨረሻው ድንጋይ 1 ግራም ተኩል ያህል ነው። እንግዲህ የ50 ኪሎው ድንጋይ በ2 ግራም ቢሳሳት የትንሹ ድንጋይ መኖር ከንቱ ይሆናል። የድሮዎቹ ዳኮችም በዚሁ ዓይነት የሚሠሩ ስለ ነበሩ ውስጣቸው ያሉት የሬዚስተር ደረጃዎች እርስ በርሳቸው እጅግ መመጣጠን ነበረባቸው። ፋብሪካዎቹ በሌዘር ያስተካክሏቸው፥ ከተሠሩም በኋላ እየለኩ ይመርጧቸው ነበር። ፊሊፕስ በ1985 ካወጣው ከቲዲኤ 1541 የተወለደው ቲዲኤ 1541ኤ በተለይ ተመርጦ ሲሸጥ የብልጫው ምልክት በላዩ የታተመ አንድ ወይም ሁለት ዘውድ ነበረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወጣው የማርክ ሌቪንሰን ቍጥር 30 ደግሞ ዋጋው 14,000 ዶላር ያህል ነበር። በዚያ ዋጋ ውስጥ ትልልቅ ትራንስፎርመር፥ ወፍራም የብረት ሣጥንና የብዙ ባለሙያዎች ድካም ይገኝ ነበር። ስለዚህ እውነተኛ ዕቃ ናቸው የሚለው ሰው ውሸት አልተናገረም።

ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ መሐንዲሶቹ ትልልቁን ድንጋይ ወዲያ ጣሉት። አዲሱ ዘዴ ጥቂት እኩል የሆኑ ትንንሽ ድንጋዮችን ብቻ ይዞ በሰኮንድ በሚሊዮን የሚቈጠር ጊዜ እያነሣና እያስቀመጠ አማካዩን ክብደት የሚያገኝ ነው ለማለት ይቻላል። የመመጣጠኑ ጣጣ በመቅለሉ ዋጋው ወደቀ። አፕል በ2018 ለገበያ ያወጣው ትንሽ የጆሮ ማዳመጫ ማያያዣ በ9 ዶላር የተሸጠ ሲሆን፥ ባለሙያዎች በመለኪያ ሲመረምሩት ጫጫታውና መዛባቱ ሲዲው ራሱ ሊይዝ ከሚችለው ወሰን ጋር የተቀራረበ ሆኖ ተገኝቷል። የሲዲ ወሰን 96 ዴሲቤል ያህል ነው፤ ከዛሬዎቹ ምርጥ ቺፖች ብዙዎቹ ከ120 ያልፋሉ። እንግዲህ ነገሩ በመለኪያ የሚፈረድ ከሆነ አዲሱ አሸንፏል፤ ክርክርም የለበትም።

ነገር ግን ዘፈን የምንሰማው በጆሮ ነው። በ2007 ሜየርና ሞራን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን አንድ ትልቅ ፈተና ማድረጋቸውን ገለጡ። ከሲዲ በላቀ ጥራት የተቀዳ ሙዚቃ ለሰዎች እያሰሙ፥ አንዳንድ ጊዜ ድምፁ በመካከል በአንድ የሲዲ መቅጃ ውስጥ ዞሮ እንዲያልፍ አደረጉ፤ ሰሚዎቹ ግን የትኛው የትኛው እንደ ሆነ አልተነገራቸውም። ከ554 ሙከራዎች ትክክል የሆኑት 276 ብቻ ናቸው። ይህ ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሮ ከመገመት የተለየ አይደለም። በ2016 ደግሞ ጆሹዋ ራይስ የተባሉ የለንደን ኵዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ ምሁር የ18 ጥናቶችን ውጤት ደምረው ቢያሰሉ ሰሚዎቹ ከመቶ 52.3 ጊዜ ትክክሉን ለይተው አገኙ። ልዩነቱ ፈጽሞ የለም ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ምን ያህል የቀጠነ እንደ ሆነ ቍጥሩ ራሱ ይናገራል።

ስለዚህ የኛ ፍርድ እንዲህ ነው፤ በደኅና የተሠራና በደኅና የተያዘ የ1990ዎቹ ዳክ በሲዲ ሙዚቃ በኩል ዛሬም ለጆሮ ካዲሱ አያንስም። ይበልጣል የሚለውን ግን አንቀበልም። ሞቅ ያለ ድምፅ አለው ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ከነዚህ መሣሪያዎች አንዳንዶቹ ቀጭኑን ድምፅ ጥቂት ያለዝቡታል፤ ይህ እውነት ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ ከሌላው ጥቂት ከፍ አድርገው ያሰማሉ፤ የሰውም ጆሮ ከፍ ያለውን ድምፅ የተሻለ አድርጎ ይቈጥራል። ስለዚህ ሁለቱን ለማወዳደር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ከፍታቸውን እኩል ማድረግ አለበት። የቀረው ባለቤቱ ለመሣሪያው ያለው ፍቅር ነው፤ በዚህ ማንንም አንወቅስም።

ለኛ ሰው ደግሞ ሌላ የሚታሰብ ነገር አለ። አምሃ እሸቴ በ1969 በመሠረቱት አምሃ ሪከርድስ የታተሙት ዘፈኖች የወጡት በሸክላ ነው። ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ ደግሞ ካሴት ሁሉን ወረሰ። ከ1997 ጀምሮ ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ እትም በሲዲ የወጡትም ቢሆኑ ምንጫቸው ያው የድሮው ቅጂ ነው። ተራ ካሴት ከጫጫታው በላይ ሊይዝ የሚችለው የድምፅ ስፋት ከ50 እስከ 60 ዴሲቤል ገደማ ሲሆን፥ ሲዲው እንኳ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ውሃው በጠባብ ቧንቧ ከመጣ በኋላ በርሜሉን ቢያሰፉት ምን ይጠቅማል? በካሴት የተቀዳውን የክራር ዜማ የ9 ዶላሩም የ14,000 ዶላሩም ዳክ ሳያጐድሉ ያደርሱታል።

እስካሁን የተናገርነው በየትም አገር የሚሠራ ነው። ጁባ ግን ጁባ ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ስትበልጥ ጁባ 550 ሜትር ገደማ ናት፤ ሙቀቷም የታወቀ ነው። በየካቲት 2025 ተማሪዎች በሙቀት ብዛት እየወደቁ ስላስቸገሩ መንግሥት ትምህርት ቤቶቹን ለሁለት ሳምንት እስከ መዝጋት ደርሷል። ሰውን የሚጥል ሙቀት መሣሪያንም አይምርም። በዳክ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያጣሩት ካፓሲተሮች በውስጣቸው ፈሳሽ ያለባቸው ናቸው፤ ሙቀት ያንን ፈሳሽ ያደርቀዋል። መሐንዲሶች የሚመሩበት ደንብ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር የካፓሲተሩ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል የሚል ነው። እንግዲህ በ20 ዲግሪ ሙቀት 20 ዓመት የሚያገለግለው በ40 ዲግሪ 5 ዓመት ያህል ይቈያል ማለት ነው። የድሮው ታላቅ ዳክ ደግሞ ራሱ የሚግል ነው፤ አንዳንዶቹም ሌሊትና ቀን ሳይጠፉ እንዲቈዩ ሆነው የተሠሩ ናቸው። በጄኔሬተር ለሚኖር ቤት ይህ የማይሆን ነገር ነው።

የኤሌክትሪኩ ጉዳይም እንዲሁ ነው። ለብዙ ዓመት የሕዝብ መብራት ያልነበራት ጁባ በ2019 መጨረሻ በናፍጣ የሚሠራ 33 ሜጋዋት ጣቢያ አገኘች፤ ቢሆንም ጄኔሬተሩና የፀሐይ ኃይሉ ከየቤቱ አልወጡም። የጄኔሬተር ቮልት ከፍና ዝቅ ይላል፤ ከዚህ የተነሣ ስታቢላይዘር የግድ ያስፈልጋል። ከጃፓን የሚመጣ ርካሽ ዕቃ የሚገዛ ሰው ከሁሉ ይልቅ ይጠንቀቅ፤ የዚያ አገር መብራት 100 ቮልት ሲሆን የጁባው 230 ነው። ትራንስፎርመር ሳያገኝ የተሰካ መሣሪያ ዘፈን ሳያሰማ ጢስ ያሰማል።

ሌላው መሰናክል የመለዋወጫ ነገር ነው። በእጅግ የተመሰገነው ፒሲኤም 1704 የተባለው ቺፕ ሥራው ቆሟል፤ የሠራው ቡር ብራውንም በ2000 በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ተገዝቷል። ባለዘውዱን የፊሊፕስ ቺፕ በተመለከተ በተራው ቺፕ ላይ ዘውድ እያተሙ የሚሸጡ አታላዮች አሉ። ከዚህም በቀር የድሮዎቹ ዳኮች የዩኤስቢ መግቢያ የላቸውም፤ ከኮምፒዩተር ጋር ለማገናኘት ሌላ ማያያዣ ዕቃ መግዛት ያስፈልጋል።

እንግዲህ በጁባ ያለ ወገናችን ጥሩውን አሮጌ ዳክ ቀድሞ የገዛው ከሆነ አይሽጠው፤ አያፍርበትም። አሁን ገና ሊገዛ የሚያስብ ከሆነ ግን፥ ዋጋው ምንም ቢረክስ፥ ይተወው እንላለን። በዩኤስቢ የሚሠራ፥ መብራቱን ከኮምፒዩተሩ ወይም ከባትሪ የሚያገኝ ትንሽ አዲስ መሣሪያ ይግዛ። የተረፈውን ገንዘብ በስፒከር ላይ ያውለው፤ ልዩነቱን ሕፃን ልጅ እንኳ የሚሰማው በስፒከሩ ነውና። ከዚያም የሚተርፍ ቢገኝ በሣጥን የተቀመጡትን ካሴቶች ወደ ዲጂታል ለማስቀዳት ይሁን፤ የጁባ ሙቀት ቴፑንም ይጐዳልና ይህ ሥራ ለከርሞ የሚባል አይደለም።

አሮጌውን የሚያኖር ሰው ደግሞ በግድግዳና በመደርደሪያ መካከል አይሸጕጠው፤ በላዩም አምፕሊፋየር አይጫንበት። ሠሪ ዘንድ ሲወስደው በመጀመሪያ የሚለወጡት የመብራት ማጣሪያ ካፓሲተሮቹ ናቸው፤ አዲሶቹ 105 ዲግሪ የሚል የተጻፈባቸው ይሁኑ። ዋናው ቺፕ ግን ካልተበላሸ በቀር በብየዳ ብረት አይነካ።