ማሳወቅና ማስፈቀድ፦ ከፒያሳ ሆነን ቻይናን ስናይ

 

በዶርም ውስጥ ደጋግሞ የሚነሳ ክርክር አለ፤ በተለይ በእኛ በምህንድስና ተማሪዎች ዘንድ። «ቻይናን እዩ! ሰልፍ የለ፣ ጩኸት የለ፣ ዝም ብለው ሠርተው ሀገር ሆኑ» ይባላል። ማስረጃውም ሩቅ አይደለም። ከአምስት ኪሎ ወደ ፒያሳ ወርደን ምኒልክ አደባባይ ስንደርስ ከእግራችን ሥር ያለው የባቡር ዋሻ የቻይና ኩባንያ ሥራ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 34 ኪሎ ሜትር ያህል የቀላል ባቡር መስመር 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ሥራውን እናደንቃለን። «ዝም ብለው» የሚለው ቃል ግን እውነት ስላልሆነ እዚህ ላይ ቆም ማለት ፈልገናል።

ቻይና የሰልፍ መብትን በሕገ መንግሥቷ ጽፋለች። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 የመናገርን፣ የመሰብሰብን፣ የመደራጀትንና ሰልፍ የመውጣትን ነፃነት ይዘረዝራል። የቲያናንመን አደባባይ ተማሪዎች በ1989 ሰኔ ወር ላይ በጦር ኃይል ከተበተኑ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር መጨረሻ የሰልፍ ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት ሰልፍ የሚፈልግ ሰው ከአምስት ቀን በፊት ለፖሊስ አመልክቶ ፈቃድ ይጠይቃል። ፖሊስ «የአገር አንድነትን ይጎዳል» ብሎ ካመነ አይፈቅድም። ሃይማኖትን የሚመለከተው አንቀጽ 36 ደግሞ «መደበኛ» የሃይማኖት እንቅስቃሴን እንደሚጠብቅ ይናገራል። መደበኛ የሚባለው የትኛው ነው? የሚወስነው መንግሥት ነው። ጉዳዩ ያለው እዚህች አንዲት ቃል ላይ ነው።

ቃሏ ምን እንደምታደርግ ያየነው በሺንጂያንግ ባሉት የኡይጉር ወንድምና እህቶቻችን ላይ ነው። ከ2017 ጀምሮ እጅግ ብዙ ሰዎች «የሙያ ማሠልጠኛ» በተባሉ ካምፖች ተዘግቶባቸዋል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤት ነሐሴ 2022 መጨረሻ ላይ ባወጣው ሪፖርት ድርጊቱ በሰው ልጅ ላይ የተፈጸመ ወንጀል ሊሆን እንደሚችል ገልጿል። በወሩ፣ ጥቅምት 6 ቀን፣ በጄኔቫው የሰብዓዊ መብት ምክር ቤት «በሪፖርቱ ላይ እንወያይ» የሚል ሐሳብ ቀረበ። ውይይት ብቻ ነው የተጠየቀው! 17 አገሮች ደገፉ፣ 19 ተቃወሙ፣ 11 ድምፅ አልሰጡም። ከተቃወሙት መካከል ፓኪስታን፣ ኢንዶኔዢያ፣ ኳታርና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ነበሩ። ከአፍሪካ የደገፈችው ጎረቤታችን ሶማሊያ ብቻ ናት። ኡማው አንድ አካል ነው ስንል ይህን ቁጥር ብናስታውስ አይከፋም።

ከዚያ ኅዳር ወር መጣ። በኡሩምቺ ከተማ ኡይጉሮች በሚኖሩበት ሕንፃ ላይ እሳት ተነስቶ እንደ መንግሥት መግለጫ 10 ሰዎች ሞቱ። ከተማዋ በኮቪድ ምክንያት ከመቶ ቀን በላይ ተዘግታ ስለነበር ብዙዎች «መውጫ የዘጋባቸው ክልከላው ነው» አሉ። በሻንጋይ፣ በቤጂንግና በሌሎች ከተሞች ወጣቶች ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ወረቀት ይዘው ወጡ። ፈቃድ አልጠየቁም፤ ቢጠይቁም አይሰጣቸውም ነበር። የታሰሩ አሉ። ግን በታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ክልከላው ላላ። ስለዚህ ዝም ብለው አልሠሩም፤ ዝም እንዲሉ የተደረጉት እንኳ በባዶ ወረቀት ተናግረዋል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የአራዳ ገበያ ጣሊያን ወደ መርካቶ ሳያዛውረው በፊት ጊዮርጊስ ሥር ነበር፤ ከነጋዴዎቹም ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ገበያው ይቀበላቸዋል፤ የመንግሥት ቢሮው ግን ጠበብ ይላል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ይደነግግ ነበር። አያቶቻችንም በይፋ የሚጠሩት «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ተብለው ነው፤ እንደ ተከራይ።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. መቶ ሺህ ያህል የተገመተ ሕዝብ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ወጣ። ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረው ተሰልፈዋል፤ ይህን መርሳት ተገቢ አይደለም። ጥያቄዎቹ 13 ነበሩ፦ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፣ በዓላችን ብሔራዊ በዓል ይሁን፣ የመሬት ባለቤት እንሁን፣ በመንግሥት ሥራ እንግባ፣ የመደራጀት መብት ይኑረን፣ ስማችንም «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» ይሁን የሚሉት ይገኙባቸዋል። በ1967 ዓ.ም. ሁለቱ ዒዶችና መውሊድ ብሔራዊ በዓል ሆኑ። መጅሊሱም ብዙ ሳይቆይ ተቋቋመ፤ በሕግ ሰውነቱን በአዋጅ ያገኘው ግን በ2012 ዓ.ም. ነው። የዒድ ቀን ፈተና የማይኖረን በዚያ ሰልፍ ምክንያት ነው። ይህን የማያውቅ ተማሪ ጀመዓችን ውስጥ ስንት እንዳለ ስንጠይቅ ቁጥሩ አስደንግጦናል።

አሁን ያለን ሕግ ከቻይናው የሚለየው በአንድ ቃል ነው። የእኛ የሰላማዊ ሰልፍ አዋጅ ቁጥር 3/1983 «አስፈቅዱ» አይልም፣ «አሳውቁ» ነው የሚለው። አዘጋጁ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ያሳውቃል። አስተዳደሩ ጊዜው ወይም ቦታው ይቀየር ካለ በ12 ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን በጽሑፍ ይመልሳል፤ በየትኛውም ቦታና ጊዜ አይደረግም ማለት ግን አይችልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30ም መብቱን ያጸናል። በተግባር ግን «ፈቃድ የሌለው ሰልፍ» የሚለውን አነጋገር ከዜና እስከ ሻይ ቤት እንሰማለን። በአዋጁ ውስጥ የሌለ ፈቃድ በአፋችን ገብቷል።

ሌላም አለ። አዋጁ ከመስጂድ፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከሆስፒታልና ከኤምባሲ በ100 ሜትር ክልል ውስጥ ሰልፍ ይከለክላል። የሙያ ልማድ ሆኖብን የፒያሳን ካርታ ዘርግተን በኮምፓስ ክብ ሠራን፦ በኑር (በኒ) መስጂድ ዙሪያ አንድ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዙሪያ አንድ፣ በአርመን ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ አንድ። ሰው በተፈጥሮ የሚሰበሰብባቸው ቦታዎች ክቡ ውስጥ ገቡ። የክልከላው ዓላማ ሰጋጁን ከሁከት መጠበቅ ነው፤ አንቃወምም። ነገር ግን ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በራሱ መስጂድ ግቢ ድምፁን የሚያሰማ ጀመዓ ምን ይባላል? ሰልፈኛ ወይስ ሰጋጅ?

በ2004 ዓ.ም. ጥር ከአወሊያ የተነሳው የ«ድምፃችን ይሰማ» እንቅስቃሴ ይህን ጥያቄ በየጁሙዓው አንስቷል። ጥያቄው የመጅሊስ ምርጫ በመስጂድ ይሁን፣ የአሕባሽ አስተምህሮ በግድ አይጫንብን የሚል ነበር። አንዳንድ ጊዜ ተቃውሞው ፍጹም ዝምታ ነበር፤ ከቻይናው ባዶ ወረቀት ዓመታት ቀድሞ። መልሱ ግን የፀረ ሽብር ሕጉ ሆነ፤ ሐምሌ 27 ቀን 2007 ዓ.ም. በ18 ሰዎች ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደ። ከዚያም በምሕረትና በክስ መዝጋት እስከ 2010 ዓ.ም. ተፈቱ። ስለዚህ «እኛ ቻይና አይደለንም» ብሎ መኩራራትም ቀላል አይሆንም።

ለማንኛውም፣ የጀመዓችን ኮሚቴ አንድ ቀን ደብዳቤ መጻፍ ቢያስፈልገው፦ የሰልፉ ዓላማ፣ ቦታ፣ ቀንና ሰዓት፣ የአዘጋጆቹ ሙሉ ስም፣ አድራሻና ፊርማ ይጻፍ። በሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱ ቅጂ ላይ የተቀበለው ሰው ቀኑን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ጽፎ ይፈርም፤ 12ቱ ሰዓት የሚቆጠረው ከዚያ ነው።