«ላማ»

እህል በረንዳን የማያውቅ የአዲስ አበባ ቤተ ሰብ ጥቂት ነው። ስፍራው በአዲስ ከተማ፥ በመርካቶ ውስጥ ሲሆን፥ ስሙ ራሱ ከሁለት ወገን የተወለደ ነው። «እህል» ከግእዙ «እክል» የወጣ የራሳችን ቃል ነው፤ «በረንዳ» ግን ጣልያኑም እንግሊዙም ፖርቱጋሉም በየአነጋገሩ የሚጠራው የባሕር ማዶ ቃል ነው። መርካቶ የሚለውም ቢሆን በጣልያንኛ ገበያ ማለት እንደ ሆነ፥ ገበያውም ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ተነሥቶ ወደዚህ የተዛወረው በወረራው ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ ሆነ ብዙ ሰው ያውቀዋል። እንግዲህ በዚህ ገበያ ቃላት ከአገር ወደ አገር ቢጓዙ የሚደንቅ አይደለም፤ እህሉም የሚመጣው ከየአገሩ ነውና።

ባለፈው ዐቢይ ጾም፥ ሰሙነ ሕማማት ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ ወደዚያ ወርደን ነበር። ጉዳያችን ሁለት ነበር፤ አንዱ ለቤታችን ጤፍ መሸመት፥ ሁለተኛውም ለደብራችን መገበሪያ የሚሆን ንጹሕ ስንዴ መፈለግ። ማለዳ ስለ ነበረ ሌሊት ከገቡት የጭነት መኪናዎች አንዳንዶቹ ገና አልተራገፉም። ደላላው ይጣራል፤ ሸማቹ እጁን ከጆንያው አግብቶ አንድ ጭብጥ ጤፍ ያወጣና በመዳፉ ላይ እፍ እያለ ገለባውንና አፈሩን ይመረምራል፤ ማኛው ነው ሠርገኛው እየተባለ ክርክር ይነሣል። በአማርኛ የተጀመረው ዋጋ በጉራጊኛ ይመከርበታል፤ በስልጢኛ ይሣቅበታል፤ በኦሮምኛ ይቈረጣል። ከአንድ መኪና ሥር ዕድሜያቸው የገፋ አንድ ሰው ቆመው፥ ተሸካሚዎቹ ኩንታል ይዘው ባለፉ ቍጥር ጆንያውን በዱላቸው ጫፍ እየነኩ ይቈጥሩ ነበር።

«ቶኮ፥ ላማ፥ ሰዲ፥ አፉር፥ ሸን . . .»

በኦሮምኛ አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት፥ አራት፥ አምስት ማለታቸው ነው። ይህን አቈጣጠር በዚህ ገበያ ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። ነገር ግን በዚያ ሰሞን ጆሯችን ለሕማማቱ ንባብ ተሰናድቶ ነበርና፥ «ላማ» የሚለው ድምፅ ሲደርሰን በቆምንበት ቀረን። ከዚያም አንድ የቈየ ዕዳ ትዝ አለን።

ነገሩ የሆነው ከሃያ ዓመት በፊት ነው። ያን ጊዜ ከቤተ ክህነት ትምህርት ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት የተሻገርን፥ ዲቁናችንንም መምህርነታችንንም ገና በአዲስነቱ የምንኰራበት ወጣት ነበርን። በቤተ ክርስቲያን ሥር በሚተዳደር በአንድ ትምህርት ቤት፥ ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት፥ ለሕፃናቱ የስቅለቱን ታሪክ ስንነግር ጌታችን በመስቀል ላይ ሆኖ የተናገረውን ቃል በሰሌዳ ላይ ጻፍን፤ «ላማ» የሚለውንም በኖራ አሥምረንበት ምን ማለት እንደ ሆነ ጠየቅን። ማንም ያውቀዋል ብለን አልነበረም፤ እኛው ልንነግራቸው ነበር። ሆኖም ከኋላ መቀመጫ አንድ ልጅ እጁን አነሣ። አባቱ በእህል በረንዳ ጆንያ የሚሸከም፥ ከገጠር ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው፥ ካልጠየቁት በቀር የማይናገር ልጅ ነበር። ተነሥቶም፥

«ሁለት ነው፥ መምህር» አለ።

ክፍሉ በሣቅ ተሞላ። እኛም ሣቅን። በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር፤ ነገር ግን በከበረ ቃል ያፌዘ መሰለንና «ቀልደኛ» ብለን ገሥጸን፥ ደወሉ እስኪደወል ድረስ ከሰሌዳው አጠገብ እንዲቆም አዘዝነው። ልጁ አልተከራከረም፤ መጥቶ ቆመ። ከዚያ ቀን በኋላ በእኛ ትምህርት ሰዓት እጁን ሲያነሣ አላየነውም። ዓመቱ ሲያልቅም ከትምህርት ቤቱ ወጣ።

አንባቢዎቻችን፥ ኦሮምኛ መቍጠር አታውቁም ነበርን? ብላችሁ ትጠይቁን ይሆናል። እስከ ዐሥር መቍጠርንስ በአዲስ አበባ ካደግነው ብዙዎቻችን እናውቃለን። ያን ቀን ግን የመስቀሉን ቃል ይዘን ስንገባ የገበያውን ቃል ከደጅ ትተነው ነበር። ስለዚህ ያን ጊዜ ለልጁ ልንነግረው ይገባን የነበረውን አሁን በዚህ ገጽ ላይ ብንጽፈው ዘግይቷል አትበሉን።

በመስቀል ላይ የተነገረው «ላማ» ከሁለት ቃል የተገጠመ ነው። «ለ» ያው የእኛው «ለ» ነው፤ «ማ» ደግሞ በዕብራይስጥም በአራማይስጥም «ምን» ማለት ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ «ለምን» ይሆናሉ። እንግዲህ ቃሉ ከእኛ ቋንቋ የራቀ እንግዳ አይደለም፤ ግእዝ «ለምንት» ሲል፥ አማርኛ «ለምን» ሲል፥ ትግርኛም «ንምንታይ» ሲል ሁሉም ቤታቸውን የሠሩት በዚያው ዓይነት ድንጋይ ነው። ዐረብኛውም «ሊማ» ይላል። ንግግሩ የተወሰደበት መዝሙር በእኛ ዳዊት 21ኛው፥ በዕብራውያን አቈጣጠር 22ኛው ነው። በዚያ የዕብራይስጡ ግሥ «ዐዛብታኒ» ሲሆን፥ ወንጌላውያኑ የጻፉት «ሰበቅታኒ» ግን አራማይስጥ ነው፤ ግሡ ሲለወጥ «ላማ» ባለበት ቆይቷል። ማቴዎስና ማርቆስም ቃሉን እንዳለ ብቻ ጽፈው አልተዉትም፤ አንባቢው ሌላ ቋንቋ የሚናገር እንደ ሆነ ዐውቀው ትርጓሜውን ወዲያው አስከትለዋል። እኛ ግን በክፍላችን ሌላ ቋንቋ የሚናገር መኖሩን እንኳ አላሰብንም።

የልጁ «ላማ» ደግሞ የሌላ ወገን ቃል ነው። ዕብራይስጥ፥ አራማይስጥ፥ ግእዝና አማርኛ ሴማውያን ሲባሉ፥ ኦሮምኛ ከኩሻውያን ወገን ነው። በዚህ ወገን ሁለትን የሚያመለክተው ቃል ከሰሜን እስከ ደቡብ የአንድ ቤት ልጅ መሆኑ ይታያል፤ ኦሮምኛው «ላማ»፥ ሲዳምኛው «ላሜ»፥ ሀዲይኛውና ከምባትኛው «ላሞ»፥ ሶማልኛውም «ላባ» ይላሉ። ይህን የመጨረሻውን አማርኛ ተናጋሪ ቢሰማው ስለ ወፍ ላባ የሚወራ ይመስለዋል፤ ወፍ ግን በነገሩ ውስጥ የለችበትም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የሚከተለው ነው። ኦሮምኛ «ለምን» ለማለት ሲፈልግ «ማሊፍ» ይላል። «ማል» ምን ማለት ነው፤ «ኢፍ» ደግሞ «ለ» ማለት ነው። ይኸውም «ለ»ው ከፊት መሆኑ ቀርቶ ከኋላ ተቀጠለ እንጂ አሠራሩ ከ«ላማ» ጋር አንድ ነው። እንግዲህ ድምፁ አንድ የሆነው «ላማ» በትርጕም ባዕድ ሲሆን፥ በጆሮ ምንም የማይመስለው «ማሊፍ» በአሳብ ወንድም ሆኖ ተገኘ። ሰው በመልክ ብቻ ዝምድናን ሲቈጥር እንዲህ ይሳሳታል።

በአማርኛም ድምፁን ጥቂት ብናሳጥረው «ለማ» ይሆናል፤ በለጸገ፥ አደገ ማለት ነው፤ ለወንድ ልጅም ስም ይወጣበታል። መሬቱም «ለም» ይባላል። ገበሬያችን የሚመካበት ይህ «ለም» ዐረብ አገር ሲደርስ የማፍረሻ ቃል ሆኖ ይገኛል፤ «ለም ያክቱብ» ቢል አልጻፈም ማለቱ ነውና። ከዚህ ራቅ ስንል ለቲቤት ሰዎች «ላማ» የሃይማኖት መምህር ነው፤ በጽሕፈታቸው ከፊቱ «ብ» አለችበት፥ በንባብ ግን አትሰማም። ለጣልያን የቢላዋ ስለት ነው። በደቡብ አሜሪካ፥ በአንዲስ ተራሮች፥ ሻኛ የሌለው የግመል ዘመድ የሆነ ጭነት ተሸካሚ እንስሳ ይባልበታል፤ ስሙን ያወጣው የአገሩ ልሳን ኬቹዋ ነው። ይህንኑ ስም ስፔኖች በፊደላቸው ሲጽፉት ነበልባል ከሚሉትና «ይጠራል» ከሚሉት ቃላቸው ጋር በጽሕፈት አንድ ሆነ፤ ሦስቱ ግን ከሦስት ምንጭ የፈለቁ ናቸው፤ እንስሳው ከኬቹዋ፥ ሁለቱ ደግሞ ከላቲን ከተለያየ ሥር።

መልክ አንድ ሆኖ ዝምድና የሌለበትን ይህን ያህል ካየን፥ ዝምድናው እያለ ትርጕሙ የተለያየበትም አለ። ለዚህ ከእህል በረንዳ ስንዴ የተሻለ ምስክር አይገኝም። መገበሪያው ተፈጭቶ ኅብስት የሚሆንበትን፥ ከቤተ መቅደሱ በስተ ምሥራቅ ወይም በአንድ ወገን የሚሠራውን ቤት «ቤተ ልሔም» እንለዋለን። «ልሔም» በዕብራይስጥ እንጀራ ነውና ስሙ ለሥራው የተገባ ነው። ዐረብ ግን የጌታችንን የልደት ከተማ «በይት ላሕም» ሲል፥ «ላሕም» በቋንቋው ሥጋ ነው። ቃሉ አንድ፥ ሥሩ አንድ፤ ለአንዱ ከማዕዱ ላይ ዋናው እንጀራ ሆነ፥ ለሌላው ሥጋ። ወደ እኛ ስንመለስ ደግሞ ግእዝ «ላህም»፥ ትግርኛ «ላሕሚ»፥ አማርኛም «ላም» ይላሉ። ላሚቱን ከእንጀራውና ከሥጋው ጋር በአንድ ሥር የሚያስሩ ሊቃውንት አሉ፤ የለም፥ የተለየች ናት የሚሉም አሉ። እኛ በዚህ ክርክር አንገባም፤ ነገር ግን እናታችን «ላም ያለው ቤት እንጀራው አይደርቅም» ማለት ታበዛ ነበርና፥ ልባችን ወደ ፊተኞቹ ያደላል።

አሁን ወደ መስቀሉ ሥር እንመለስ። ያን ቃል በሰሙት ሰዎች ላይ የሆነውን አንባቢ ያስታውሰዋል። በዚያ ቆመው ከነበሩት አንዳንዶቹ ኤልያስን ይጠራል አሉ። በግሪኩ ጽሑፍ ማቴዎስ «ኤሊ»፥ ማርቆስ «ኤሎኢ» ብለው ጽፈውታል፤ አምላኬ ማለት ነው። ኤልያስ የሚለው ስም ራሱ በዚህ «ኤል» ይጀምራልና ስሕተቱ ከመንገድ የራቀ አልነበረም፤ ሚካኤልና ገብርኤልም የሚጨርሱት በዚሁ ነው። ሰዎቹ በእውነት ተሳስተው ሰሙ ወይስ እያወቁ አፌዙ? በዚህ ላይ ተርጓሚዎች ይለያያሉ። ተሳስተው ከሆነ ጆሯቸው የወሰደው አስቀድሞ የሚያውቀውን ነው፤ ኤልያስ ይመጣል ሲባል ያደጉ ሰዎች ነበሩና። ልጁም «ላማ» ሲሰማ ከአባቱ አፍ በየቀኑ የሚሰማውን ወሰደ። እኛም «ሁለት» የሚለውን ስንሰማ የወሰድነው የምናውቀውን ብቻ ነው፤ ፌዝ ነው አልን። ከሦስቱ ጆሮዎች ለመስማት ደመወዝ የሚከፈለው የእኛው ነበር።

ይልቁንም የሚያሳፍረን ያደግንበት የመጻሕፍት ትርጓሜ ነው። የኔታ አንዱን ቃል ይዘው «አንድም» እያሉ ሲያወርዱ፥ ሲጠቅሱ፥ ታሪክ ሲያመጡ፥ ከእግራቸው ሥር ተቀምጠን ሰምተናል። አንድ ቃል አንድ ፍቺ ብቻ አለው ብሎ የሚገግም ደቀ መዝሙር በዚያ ጉባኤ ብዙ አይቈይም። በዚያ ልማድ ያደግን ሰዎች ሰሌዳ ፊት ስንቆም ለአንድ ሕፃን አንዲት «አንድም» ነፈግነው። «አንድም በአባትህ አገር ቋንቋ ሁለት ማለት ነው» ብንል ኖሮ ምን ይጐድልብን ነበር? ትምህርቱ ግማሽ ደቂቃ በረዘመ ነበር።

በአገራችን ከ80 የሚበልጡ ቋንቋዎች ይነገራሉ። መምህር ሁሉንም ይወቅ አይባልም፤ እኛም ከዚያ ወዲህ የተማርነው ጥቂት ነው። ያደረግነው አንድ ነገር ቢኖር፥ ተማሪ ያልጠበቅነውን መልስ ሲሰጥ «ከማን ሰማኸው?» ብለን እንጠይቃለን። አንዳንድ ጊዜ ፌዝ ሆኖ ይገኛል፤ ልጆች ልጆች ናቸውና። አንዳንድ ጊዜ ግን ከአያት፥ ከጎረቤት፥ ከሸቀጥ ተራ የመጣ፥ እኛ ያልነበረን ነገር ይወጣል።

ይህን ሁሉ እያሰብን በመኪናው አጠገብ ብዙ ሳንቈይ አልቀረንም፤ ሽማግሌው ቈጠራቸውን ጨርሰው ወደ እኛ ዞሩ። ያን ልጅ ወይም አባቱን ያውቁ እንደ ሆነ ልንጠይቃቸው ዐስበን ነበር፤ ነገር ግን ሃያ ዓመት ብዙ ነው፥ በዚያ ገበያ ጆንያ የተሸከመውም አባት ብዙ ነው። ዝም አልን። ጤፉን በመዳፋችን አየነው፤ ስንዴውንም ጠጠር እንዳይኖርበት በጥርሳችን ቈረጠምነው፤ ዋጋውም ከደላላው ጋር ተቈረጠ።

«ስንት ኩንታል ልበል፥ መምህር?» አሉን።

ከጤፉ አንድ፥ ከስንዴው አንድ ነበር። «ላማ፥ አባቴ» አልናቸው።

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «እንዲህ አይጐተትም፤ ቅዳሴ አደረጉት እኮ» አሉና ሁለቱንም ፊደል ቈረጥ አድርገው አሰሙን። ደገምነው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስተኛ ጊዜ ስንለው፥ «እሱ ይሻላል» ብለው ተሸካሚውን ጠሩት።