ቀዩ ሽሪምፕና የቆርቆሮው ሸርጣን

ባለፈው ወር እዚህ የለጠፍኳትን ቪዲዮ ያየ ቢቸና የሚኖር የአክስቴ ልጅ «ጋሼ፣ መስታወቱ ውስጥ የሚርመሰመሰው ቀይ ትል ምንድን ነው? ስትመጣ ለእኔም ያዝልኝ» ብሎ ጻፈልኝ። በሁለት መስመር ልመልስለት ጀምሬ እየረዘመ ሲሄድ ለሁላችሁም ይሁን አልኩ።

ትል አይደለም። ሽሪምፕ ነው፤ የሸርጣን ዘመድ። ሸርጣንን ደግሞ እንደ እኔ ያለ የደብረ ወርቅ ልጅ ያውቀዋል። ከብት ስንጠብቅ ወንዝ ወርደን ድንጋይ እየገለበጥን እንይዘው ነበር። አንድ መስከረም አንዱን በዘይት ቆርቆሮ ውኃ ሞልቼ ቤት አመጣሁት። እንጀራ ፈርፍሬ ጣልኩለት፤ አልበላ ሲል በማግስቱ ጨመርኩለት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነጣ ብሎ፣ እግሮቹን ዘርግቶ፣ ድርቅ ብሎ አገኘሁት። ቆርቆሮውን እንዳለ አጥር ሥር ደፋሁት። አያቴ «ወንዙን እዚያው ትተህ እሱን ብቻ ብታመጣው ምን ይሁን?» አሉኝ።

ነገራቸው የገባኝ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ እዚህ አሜሪካ፣ አርሊንግተን፣ ኮሎምቢያ ፓይክ ከሚባለው መንገድ አጠገብ ባለ አፓርታማ ውስጥ ነው። ልጄ ውሻ ይገዛልኝ አለች፤ የቤቱ ደንብ አይፈቅድም። ተከራክረን ተከራክረን በአርባ ሊትር የመስታወት ገንዳና በአሥር ሽሪምፕ ታረቅን።

የእኛዎቹ «ቼሪ» የሚባሉት ናቸው፤ የሳይንስ ስማቸው ኒዮካሪዲና ዴቪዲ። ትውልዳቸው ምሥራቅ እስያ ነው። በዱር ሲኖሩ ቡናማ ነገር ናቸው፤ ቀዩን ያወጡት አርቢዎች ናቸው፣ ቀላ ያለውን ከቀላው እያዳቀሉ። ቁመታቸው ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር፣ ዕድሜያቸው ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት። ሽሪምፕ በየሰው ሳሎን እንዲገባ ብዙ ያደረገው ጃፓናዊው ፎቶ አንሺ ታካሺ አማኖ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. እጽዋት የሞሉባቸውን ገንዳዎቹን ከአልጌ የሚያጸዳለት ሲፈልግ ሽሪምፕ አሰማራባቸው፤ ዛሬ አንዱ ዝርያ በስሙ ይጠራል። ነገር ግን የአማኖው ሽሪምፕ ጫጩት ጨው የነካው ውኃ ካላገኘ አያድግም። ቼሪዋ እንደዚያ አይደለችም። ልጆቿ ከእንቁላል ሲወጡ የእናታቸው ቅጂ ሆነው፣ በሚሊሜትር የሚለካ ቁመት ይዘው፣ ራሳቸውን ችለው ነው። የእኛ አገር ደጋ ሸርጣንም እንዲሁ ነው። ባሕር ሳያይ ወንዝ ውስጥ ተወልዶ ወንዝ ውስጥ የሚያረጀው ለዚህ ነው።

እንቁላሉ መጀመሪያ ከጭንቅላቷ ኋላ ጀርባዋ ላይ ቢጫ ሆኖ ይታያል። አርቢዎቹ «ኮርቻ» ይሉታል፤ ለፈረስ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ቆዳዋን ገፍፋ ከተጠቃች በኋላ እንቁላሉን ሆዷ ሥር ታወርደዋለች፣ ሃያ ሠላሳ ይሆናል፣ ሦስት አራት ሳምንት በእግሮቿ እያራገበች ትይዘዋለች። ልጄ ቤት ስትገባ ቦርሳዋን ሳታወርድ ገንዳው ጋ የምትሄደው ይህንን ለማየት ነው።

አሁን ወደ አያቴ ነገር። ገንዳ ሞልቶ በዕለቱ ሽሪምፕ መጨመር ጠላ ጠንስሶ በዕለቱ እንግዳ እንደመጥራት ነው። የእንስሳው ኩስና የተረፈ ምግብ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ይገድላል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ናይትራይትም ይገድላል። ሌላ ባክቴሪያ ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ያወርደዋል፤ እሱ ሲበዛ በሳምንት አንዴ ውኃ በመቀየር ይቀንሳል። ባክቴሪያዎቹ ተራብተው ሥራውን እስኪይዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። የሚኖሩትም በአብዛኛው ውኃው ውስጥ ሳይሆን ድንጋዩ፣ አሸዋውና የማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ተጣብቀው ነው። አያቴ «ወንዙ» ያሉት ይሄው ነው። የእኔ ቆርቆሮ ውስጥ ውኃ እንጂ ወንዝ አልነበረም፤ ያ ሁሉ የእንጀራ ፍርፋሪም ወደ ምን እንደተለወጠ አሁን አውቃለሁ።

ይህን ሁሉ ተምሬም ከጥፋት አልዳንኩም። ክሎሪን ያለበትን የቧንቧ ውኃ በባልዲ አሳድሮ መጠቀም ያገር ቤት ልማዴ ነው፤ ክሎሪን አንድ ቀን ክፍት ቢያድር ተኖ ይሄዳል። አሳደርኩ፣ ቀየርኩ፣ በማግስቱ አርባ የሚሆኑ ሽሪምፖች የገንዳው ወለል ላይ ተነጥፈው አገኘሁ። ዋሽንግተንና አርሊንግተን ውስጥ ከ2000 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በቧንቧው የሚመጣው ክሎራሚን ነው፤ ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር የተጣመረበት። በማሳደር አይወጣም፣ የሚያፈርሰው መድኃኒት ጠብታ ያስፈልገዋል። የየዓመቱን የውኃ ሪፖርት በፖስታ እየላኩልኝ ሳላነብ ስጥል የኖርኩት እኔ ነኝ። ልጄ ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

ምግባቸው ቀላል ነው። ቀኑን ሙሉ ድንጋይና ቅጠል ላይ የበቀለውን ስስ ሽፋን ይለቅማሉ። ከዚያ በላይ የሚወዱት ምን መሰላችሁ? ሳማ! ቅርፊታቸውን የሚሠሩበት ካልሲየም ስላለው እዚህ ደርቆ በትንንሽ ከረጢት ለሽሪምፕ ይሸጣል። ክረምት ላይ ጎተራ ሲጎድል የምንበላውን ሳማ በዶላር ገዝቼ ለእነዚህ ፍጥረታት እንደማበላ እናቴ ብትሰማ ምን እንደምትል እግዜር ይወቀው። ጎመንም ይበላሉ፣ ግን ፀረ ተባይ ያልተረጨበት። የቤት የቁንጫ መርጫ፣ በረኪና የነካው ባልዲ፣ ከመዳብ ቧንቧ የመጣ ትኩስ ውኃ፣ እነዚህ ሁሉ ጠላታቸው ናቸው። ደማቸው ኦክስጅን የሚሸከመው በመዳብ መሆኑና ውኃው ውስጥ የሟሟ ትንሽ መዳብ ግን መልሶ እነሱን መግደሉ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ቡና የሚጠጡ ጎረቤቶቼ ገንዳውን ባዩ ቁጥር «ይበላል?» ይላሉ። እንደ ዓሣ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት በእምነታችን እንደማይበላ አስታውሳቸዋለሁ። ሬስቶራንት ውስጥ ያየኋቸውን ሰዎች ግን እዚህ አልጠራም።

እና የአክስቴ ልጅ፣ ቢቸና ይሆናል ወይ ካልከኝ፦ ይሆናል። ከ18 እስከ 26 ዲግሪ ይመቻቸዋል፣ ትንሽ ብርድም ይችላሉ። ከፍታው ግን ይታሰብበት። 2,500 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ገንዳው ሰፋ፣ እንስሳው አነስ ይበል፤ መብራት ሲጠፋ የአየር ፓምፑም ይቆማልና።

ይሆናል እንጂ እኔ አላመጣልህም። እነዚህ ሽሪምፖች ጀርመን ውስጥ ጊልባህ በሚባል፣ የኃይል ማመንጫ ፍሳሽ በሚያሞቀው ጅረት ዘር አበጅተው ተገኝተዋል፤ ሃዋይም ገብተዋል። ሰው ሲሰለቸው ወንዝ ይለቃቸዋል። የእኛ ወንዝ ደግሞ ሁሉም ወራጅነቱ ወደ ዓባይ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ጣና ላይ እምቦጭ ታየ ሲባል ስንቱ ሰው አበባው ያምራል ብሎ እንዳለፈው አትርሳ።

ይህን አስቀድሜ ለአክስቴ ልጅ ስነግረው አኮረፈ። ቀጥሎ «ሸርጣን ብይዝስ?» አለ። ሸርጣን ያገሩ ነው፤ ጥቂት ቀን አይተህ ከወሰድክበት ቦታ መልሰው አልኩት። ሰፊ ሳህን፣ የወንዙ አሸዋ፣ የወንዙ ውኃ፣ ከውኃው በላይ ብቅ የሚል ድንጋይ፣ ምግብ ደግሞ እጅግ ጥቂት።

ትናንት ፎቶ ላከ። «ጋሼ፣ ሞተ መሰለኝ» ይላል። ነጣ ብሏል፣ እግሮቹን ዘርግቷል። እኔም ገንዳዬን በጀመርኩ ሰሞን እንዲህ ያለ ሽሪምፕ አይቼ ደንግጬ ሳወጣው ባዶ ሆኖ ነበር። እነዚህ ፍጥረታት ለማደግ ቅርፊታቸውን ከነእግሩ፣ ከነዓይን ሽፋኑ አውልቀው ይጥሉታል፤ አዲሱ እስኪጠነክር ድረስ ደግሞ ይደበቃሉ። «አትድፋው» አልኩት። «በመዳፍህ አንሳው። እንደ ገለባ ከቀለለ፣ ጀርባው በኩልም ከተከፈተ፣ ልብሱ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ ፎቶ መጣ። ከድንጋዩ ሥር ሁለት ዓይን ብቻ ይታያል።

እኔ የያኔውን በእጄ ሳላነሳ ነው የደፋሁት።