ለደን ጠባቂውም ለጣውላ ሰንጣቂውም፦ የደን ተጠቃሚ ማኅበራት ምን ይሠራሉ?

ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ፣ ከቴፒም እስከ ማሻና ቦንጋ ያለው ደን ለአካባቢው ሕዝብ ጓዳም ገበያም ነው። ቡናው ከጥላ ዛፍ ሥር ይበቅላል፤ ቀፎው ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ኮረሪማና ጥምዝ ከደኑ ይለቀማሉ፤ የቤቱ ምሰሶና ማገር፣ በሩና አልጋው ከእንጨቱ ይሠራሉ። የባሮ፣ የአኮቦና የጎጀብ ወንዞች ገባሮችም ከዚሁ ደን ይነሣሉ። ከደኑ የሚኖር ሰው ደኑን ሳያጠፋ እንዴት ይኑር? በክልሉ ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች ዋነኛው በማኅበር መደራጀት ነው። ሆኖም መልሱ ሁሉንም የደን ተጠቃሚ እኩል አልደረሰም።

ከዘበኛ ወደ ስምምነት

ለረጅም ጊዜ ደን የመንግሥት ንብረት ተደርጎ ሲታይ ጥበቃውም ለጥቂት የደን ዘበኞች የተተወ ነበር። በደኑ ዙሪያ የሚኖረው አርሶ አደር መብቱ በሕግ ስላልታወቀለት ዛፍ ሲቆረጥ ቢያይ እንኳ የሚከላከልበት ሥልጣን አልነበረውም። አሳታፊ የደን አስተዳደር የሚባለው አሠራር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ አገራችን ሲገባ ቦንጋ ከመጀመሪያዎቹ ሥፍራዎች አንዷ ሆነች። በዚሁ አቆጣጠር ከ2003 ጀምሮም በሸካና በቀድሞው ቤንች ማጂ ዞን፣ ማርንና ቅመማ ቅመምን የመሳሰሉ የደን ውጤቶችን ከጥበቃው ጋር ያያያዘ ፕሮጀክት ለአሥር ዓመታት ያህል ተካሂዷል።

አሠራሩ በቅደም ተከተል የሚሄድ ነው። በመጀመሪያ የቀበሌው ነዋሪዎችና ሽማግሌዎች ከባለሙያዎች ጋር በእግር እየዞሩ የደኑን ወሰን ይለያሉ። ቀጥሎ በደኑ ውስጥ ምን ዓይነት ዛፍ፣ በምን ያህል መጠን እንዳለ ይቆጠራል። በዚህ ላይ ተመሥርቶ የአስተዳደር ዕቅድና መተዳደሪያ ደንብ ይወጣል። በመጨረሻም ማኅበሩና መንግሥት ስምምነት ይፈራረማሉ። አባላቱ ደኑን ይጠብቃሉ፤ ደንቡን የጣሰውን ይቀጣሉ፤ በዕቅዱ መሠረትም ከደኑ ይጠቀማሉ።

ሕጉም ከአሠራሩ ኋላ ተከትሏል። የ1999ኙ የደን አዋጅ ቁጥር 542 የሚያውቀው የመንግሥትንና የግልን ደን ብቻ ነበር። በ2010 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 ግን በእነዚህ ላይ የማኅበረሰብ ደንንና የማኅበር ደንን ጨምሯል። ማኅበር የደን ባለይዞታ መሆን የሚችለው በዚህ መሠረት ነው።

ገበያው ላይ ያለው ጉልበት

አንድ አርሶ አደር አሥር ኪሎ ማር ወይም ጥቂት ጆንያ ቡና ይዞ ለብቻው ገበያ ሲወጣ ዋጋውን የሚወስነው ነጋዴው ነው። በማኅበር ሲሆን ምርቱ በጋራ ይሰበሰባል፤ በጋራ ሚዛን ይመዘናል፤ ጥራቱ ይለያል። መሠረታዊ ማኅበራት ሲጣመሩ ደግሞ ዩኒየን ይመሠርታሉ። የካፋና የቤንች ማጂ የደን ቡና አምራች አርሶ አደሮች ዩኒየኖች የዚህ ምሳሌ ናቸው። ዩኒየን የአባላቱን ቡና በቀጥታ ወደ ውጭ መላክ ይችላል፤ በመካከል የሚቀረው ገንዘብም ወደ አባላቱ የመመለስ ዕድል ያገኛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እንዲህ ባለው ሥራ ላይ ይታያል።

ማኅበር የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት እየመጣ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ያወጣው ሕግ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተመረተበት መሬት የመጣ ቡናም ሆነ እንጨት ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። ሕጉ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን በተደጋጋሚ ቢራዘምም፣ ላኪው ምርቱ የበቀለበትን መሬት መገኛ ነጥብ እንዲያቀርብ ማስገደዱ አልቀረም። ግማሽ ሄክታር ያለው አርሶ አደር ይህን ለብቻው መዝግቦ፣ ጠብቆና አቅርቦ ይዘልቃል ማለት አስቸጋሪ ነው። ማኅበሩ ግን የአባላቱን መሬት አንድ በአንድ መዝግቦ መያዝ ይችላል።

የተረሳው እንጨት ሠራተኛ

ማኅበራቱ በአብዛኛው የተደራጁት በቡና፣ በማርና በቅመማ ቅመም ዙሪያ ነው። መጋዝ ይዞ የሚያድረው ጣውላ ሰንጣቂ ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ውጭ ነው። መሬት የሌለው ወጣት በጣውላ ቁጥር እየተከፈለው ለነጋዴ ይሠራል። ዛፍ ቢወድቅበት፣ መጋዝ ቢቆርጠው ወይም ኬላ ላይ ቢያዝ ጉዳቱ የእሱ ነው፤ ትርፉ የሌላ ነው። የ1986ቱ የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና የሐበሻ ጥድ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ሕጋዊ ሥራ ያላገኘ ሰው ግን በክልከላ ብቻ ከደን አይርቅም፤ ሌሊት ይገባል።

መፍትሔው የሚጀምረው ከተተከለ ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ፣ ግራቪሊያና የፈረንጅ ጥድ በአርሶ አደሩ ጓሮና ማሳ ዳር ይበቅላሉ። ሰንጣቂዎች በማኅበር ቢደራጁ የቆመ ዛፍ በጋራ መግዛት፣ የመቁረጫና የማጓጓዣ ፈቃድ በአንድ ስም ማውጣት፣ መሣሪያና የአደጋ መከላከያ ልብስ መጋራት፣ ከሚዛን አማንና ከቴፒ የቤት ዕቃ አምራቾች ጋር መዋዋል ይችላሉ። ለዛፍ ባለቤቱም እንጨቱ በዓይን ግምት መሸጡ ቀርቶ ተለክቶ ይሸጥለታል።

ይህ በሌላ አገር የተሞከረ ነው። በደቡብ ስዊድን ሶድራ የሚባለው የደን ባለቤቶች ኅብረት ሥራ ማኅበር ከ50 ሺህ በላይ አባላት ያሉት ሲሆን የራሱ የእንጨት መሰንጠቂያና የወረቀት ጥሬ ዕቃ ፋብሪካዎች አሉት። በአገራችንም በአማራ ክልል አዊ ዞን፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ አርሶ አደሮች ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ በማሳቸው ተክለው ለከሰል በመሸጥ ከፍተኛ ገቢ አግኝተዋል። በኋላ በዛፉ ላይ የወደቀው በሽታ ግን በአንድ ዓይነት ዛፍ ላይ ብቻ መደገፍ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አሳይቷል።

አባል ከመሆን በፊት

ማኅበር መመሥረቱ ብቻውን ፍትሕን አያመጣም። አባልነት በአባወራ ስም ብቻ ከተመዘገበ፣ ኮረሪማና ማገዶ የምትለቅመው ሴት ድምፅ አይኖራትም። በካፋና በሸካ ለዘመናት መገለል የደረሰባቸውና በማገዶና በከሰል ሽያጭ የሚተዳደሩት የመንጃ ማኅበረሰብ አባላትም ካልተካተቱ፣ ጥበቃው የእነርሱን እንጀራ መንጠቅ ይሆናል። ደን ለቡናና ለሻይ ልማት ለባለሀብት ሲሰጥም በፊርማ የጸና ስምምነት የሌለው ማኅበር የሚከራከርበት ሰነድ አይኖረውም።

ስለዚህ አባል ለመሆን የሚያስብ ሰው እነዚህን ይጠይቅ፦ ማኅበሩ የተፈረመ የደን ስምምነትና ካርታ አለው? ሒሳቡ በየዓመቱ ተመርምሮ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል? ሴቶችና መሬት የሌላቸው ወጣቶች በስማቸው ተመዝግበዋል? የወረዳው የኅብረት ሥራና የደን ጽሕፈት ቤቶችም ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የመስጠት ግዴታ አለባቸው።