ለአባቴ ቮልስ የትኛው ካምቢዮ ይሻላል?

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን እንደነበር ይታወቃል። ብዙ ሰው ቮልስ ሲባል ያንን ቀን ያስታውሳል። እኛ ቤት ግን ቮልስ ሲባል ትዝ የሚለን አባታችን ነው። አዳማ ግቢያችን ውስጥ ትቶልን የሄደው መኪና እ.ኤ.አ. የ1965 ሥሪት ነው፤ 1,192 ሲሲ፣ 34 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ 6 ቮልት።

ሞተሩ ሲያረጅ ቤተሰቡ ተመካከረ። እናቴ «አትሸጥም» አለች፤ ነገሩ በዚህ አለቀ። 1,584 ሲሲ፣ 50 የፈረስ ጉልበት ያለው በተለምዶ «1600» የሚባለውን ሞተር አፈላልጌ ገዛሁ። የወሰድኩበት ጋራዥ «ካምቢዮው ደህና ነው፤ ሞተሩ ብቻ ይቀየር» አለኝ። እኔም ወጪ ቀነሰልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ሁለት ወር አልሞላም። እናቴን ይዤ አሰላ ለቅሶ ስንሄድ ኢተያ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ቆምን። ቁልፉን ሳዞር ሞቶሪኖው ጮኸ እንጂ ሞተሩ አልተነሳም። ቀብሩ ሳንደርስ ተፈጸመ። አዳማ ተጎትተን ስንመለስ ያየልኝ ሌላ መካኒክ ሞቶሪኖውን ፈትቶ የተበላውን ጥርስ አሳየኝና «ጋሼ፣ ሞተሩ ምንም አላጠፋም። ካምቢዮውን ማንም አልጠየቀውም» አለኝ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ለማካፈል ነው።

ሞተሩና ካምቢዮው ለምን አይነጣጠሉም?

ሞተርን ከካምቢዮ የሚያገናኘው ካምፓና በአንዳንድ መኪናዎች ላይ ለብቻው ይፈታል። በቮልስ ላይ ግን ካምፓናው፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ አንድ አካል ናቸው። ሞቶሪኖውም የሚታሰረው ካምቢዮው ላይ ነው። ስለዚህ ሞተር የቀየረ ሰው፣ ወደደም ጠላም፣ ስለ ካምቢዮው መወሰኑ አይቀርም።

የ6 ቮልቱ ቮላኖ 109 ጥርስ አለው። የ12 ቮልቱ 130 ጥርስ ሲኖረው ክቡም ይሰፋል። ስለዚህ አሮጌው ካምፓና ከውስጥ ካልተሞረደ አዲሱን ቮላኖ አያስገባም። የመጀመሪያው ጋራዥ ይህን ሞርዶታል። የረሳው ሌላ ነገር ነው። የ12 ቮልት ሞቶሪኖ ዘንግ ጫፉ 10.9 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በአሮጌው ካምቢዮ ላይ የሚያርፍበት ቀዳዳ ግን 12.5 ነው። በ1.6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ውስጥ የሚዋልል ዘንግ የቮላኖውን ጥርስ ቀስ በቀስ ይበላል። ቶርኖ ቤት የምትሠራ አንዲት የነሐስ ቡሽ ብትገባ ኖሮ ቀብሩ ላይ እንደርስ ነበር።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ካምቢዮ ለመቀየር ከተወሰነ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የዲፈረንሻሉ ቁጥር ነው። የ1200ው ሞተር ካምቢዮ 4.375 ነው፤ ከ1500ው ጋር የመጣው 4.125፤ ከእ.ኤ.አ. 1973 ወዲህ በ1600ዎቹ ላይ የገባው ደግሞ 3.875። ቁጥሩ ሲያንስ መኪናው በዝቅተኛ የሞተር ዙር ይሮጣል፤ የሚጎትትበት አቅም ግን ይቀንሳል። በአራተኛ ማርሽ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ የመጀመሪያው በደቂቃ ወደ 3,240 ዙር፣ ሁለተኛው ወደ 3,060፣ ሦስተኛው ወደ 2,850 ያዞራል።

አዲስ አበባ በፈጣኑ መንገድ ብቻ ለሚመላለስ ሰው 3.875 ያጓጓል። የእኛ ጉዞ ግን አዳማ ላይ አያበቃም። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ትንሽ ከፍ ያለች ናት፤ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው አሰላ ግን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ካርቡራተር ያለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ የ50 ፈረሱ ሞተር አሰላ ሲደርስ 38 ገደማ ፈረስ ነው የሚቀረው።

ሌላም አለ። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ማራገቢያውን የሚያዞረው ራሱ ሞተሩ በቺንጋ ስለሆነ ዙሩ ሲወርድ አየሩም ይቀንሳል። አራት ሰው ጭኖ ዳገት ላይ ሦስተኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣ ሞተር በብዙ ድካም ላይ ትንሽ አየር ነው የሚያገኘው። ቁልቁለቱ ላይም ቁጥሩ ያነሰ ካምቢዮ በማርሽ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ ሸክሙ ሁሉ ወደ አሮጌው ፍሬን ይዞራል። እኔ የመረጥኩት 4.125 ነው። አንባቢም ካምቢዮ ሲመርጥ የሚሄድበትን ሜዳ ትቶ ከባዱን ዳገት ቢያስብ ይሻለዋል።

ገበያ ላይ እንዴት ይለያል?

ሻጭ ሁሉ «ኦሪጅናል ነው» ማለቱ አይቀርም። መለያው ቀላል ነው። የወረደውን ካምቢዮ አራተኛ ማርሽ ውስጥ ያስገቡት። አንዱን የጎማ ማሰሪያ አጥብቀው ያስይዙና ሌላውን 20 ጊዜ ያዙሩ። የፍሪሲዮን ሸራ የሚገባበት ዘንግ 39 ጊዜ ገደማ ከዞረ 4.375 ነው፤ 37 ገደማ ከሆነ 4.125፤ 34 ገደማ ከሆነ 3.875 ነው።

የኋላ አክሱንም ይዩ። የአሮጌዎቹ ቮልሶች አክስ በቱቦ ውስጥ ያለ፣ መታጠፊያው በካምቢዮው በኩል ብቻ የሆነ ነው። በሁለት በኩል የሚታጠፈው አክስ እንዲሁ አይገጥምም። የአክሱ ርዝመትም በየዘመኑ ስለተለወጠ ካምቢዮውን ከነአክሱና ከነፍሬኑ መግዛት ይመከራል።

ከእ.ኤ.አ. 1967 በፊት ከነበረው ኮምቢ የወረደ ካምቢዮ ከቀረበልዎት ደግሞ ይጠንቀቁ። ያ ኮምቢ ጎማው ዘንድ ተጨማሪ ጥርሶች ስላሉት ዲፈረንሻሉ በተቃራኒ ጎን ነው የታሰረው። ሳይገለበጥ ቮልስ ላይ ከተገጠመ አራት የኋላ ማርሽና አንድ የፊት ማርሽ ያለው መኪና ይኖርዎታል!

በመጨረሻም ሊብሬውን አይርሱ። አዲሱ የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ስለማይገጥም ሞተሩን ሲገዙ የሽያጭ ሰነድ ይቀበሉ፤ የቦሎ ምርመራ ሳይደርስም ያስመዝግቡ።

በቀደም እናቴን ይዤ ለተዝካር አሰላ ወጣሁ። ኢተያ ላይ ሆን ብዬ ሞተሩን አጠፋሁና ቁልፉን አዞርኩ፤ ወዲያው ተነሳ። እናቴ ምንም አላለችም። ነጠላዋን አስተካክላ «በል ንዳ፣ እንዳይረፍድብን» ብቻ አለችኝ።